ጥቁሯ ዶሮ ላይ ነጭ ላባ፣ ገብስማው ላይ ነጭ መስመር፦ ቀለም ሰሪው ሴል ሞቶ ነው?

እህቴ ጥያቄሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም እኔ ስራዬ ብዬ የያዝኩት ነገር ነው፣ የላባ ቀለምና ቀለሙን የሚሰራው ሴል። ለሌላው አንባቢም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመውና፦ ጥቁር ሴት ዶሮ አለችሽ፣ አድጋ ሙሉ ጥቁር ሆና የቆየች፣ አሁን ላባዋን አራግፋ አዲስ ስታበቅል እዚህም እዚያም ነጭ ላባ ይዛ መጣች። ሌላ ደግሞ ከአንድ እናትና አባት የተፈለፈሉ ሁለት ገብስማ ዶሮዎች አሉሽ፣ አውራው ከእህቱ በጣም ይነጣል፣ ሁለቱም ላይ ግን ጥቁርና ነጩ መስመር በልክ እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው። ጥያቄሽ፣ ነጩ ቦታ ላይ ቀለም የሚሰራው ሴል ሞቶ ነው ወይስ መጀመሪያም አልነበረም፣ ከሞተስ እዛው አንድ ላባ ላይ ጥቁሩ እንዴት ተመልሶ ይመጣል የሚል ነው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ናት፣ ተመራማሪዎችም ለብዙ አመት የተከራከሩባት። መልሱን ከአሁኑ ልንገርሽና ከዛ እናብራራው፦ ነጭ ላባ ሁሉ አንድ አይነት ነጭ አይደለም። ሴሉ ጉዞ ላይ ቀርቶ ሳይደርስ የነጣ አለ፣ ደርሶ የሞተበት አለ፣ በህይወት ቁጭ ብሎ ስራ ያቆመበት አለ፣ ያንቺ ገብስማዎች ደግሞ ከነዚህ ከሶስቱም ወጣ ያለ ነገር ነው ያላቸው፣ ሴሉ አልሞተም፣ ያለ ጊዜው አድጎ ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ግን ስለ ላባው። አድጎ ያለቀ ላባ እንደ ጥፍር በይው፣ ውስጡ ደም የለም፣ ህይወት ያለው ሴል የለም። ስለዚህ ጥቁር ሆኖ የበቀለ ላባ እዛው ተቀምጦ ነጭ አይሆንም፣ ፀሀይ ትንሽ ታደበዝዘው ይሆናል እንጂ። ቀለም የሚገባው ላባው ከቆዳ ስር እየተገፋ ሲያድግ ባለችው ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚሰራው ጫፉ ነው፣ ስሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰራው። ይሄን ከያዝሽ አንድ ላባ ነቅለሽ ከጫፍ ወደ ስር ስትመለከቺው ያ ላባ በበቀለባቸው ሳምንታት ስሩ ላይ ምን ሲሆን እንደነበር በተራ ማንበብ ትችያለሽ። እኔ ሰው "ዶሮዬ ነጣች" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ነጩ ጫፉ ላይ ነው ወይስ ስሩ ጋ ነው ብዬ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

ቀለም ሰሪው ሴል ሜላኖሳይት ይባላል። ብዙ እጅ ያለው ሴል ነው፣ በማይክሮስኮፕ ስታይው የተዘረጋ ስር ይመስላል። ሜላኖሶም በሚባሉ ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ሜላኒን ይሰራና በነዚያ እጆቹ ዙሪያውን ላሉት ላባውን ለሚገነቡት ሴሎች ያቀብላል። ሁለት አይነት ሜላኒን ነው ያለው፣ ዩሜላኒን ጥቁሩ ነው፣ ፌኦሜላኒን ደግሞ ቀዩና ወርቅማው። ነጭ የሚባል ቀለም ሴሉ አይሰራም፣ ነጭ ማለት ቀለም አልደረሰም ማለት ነው። ላባው ጨርሶ ሲደርቅ አብረውት ከፍ ያሉት ሜላኖሳይቶችም እዛው ያልቃሉ። እዚህ ጋ ልብ በይ፣ ጤነኛ ጥቁር ዶሮ ላይም ቀለም ሰሪ ሴል ሁሌ ያልቃል፣ ለእያንዳንዱ ላባ አዲስ ሰራተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሞተ አልሞተም ብቻ ሳይሆን ከታች የሚተካ አለ ወይ ነው።

ይሄ ሴል ደግሞ የቆዳ ተወላጅ አይደለም፣ እንግዳ ነው። እንቁላል ውስጥ ፅንሱ ገና ሲጀምር፣ የወደፊቱ አከርካሪ በሚሆነው ቱቦ ጀርባ ላይ ኒውራል ክሬስት የሚባል የሴል ስብስብ አለ፣ ከዛ ነው የሚነሳው። ከዛ ስብስብ ቀድመው የሚወጡት ወደ ውስጥ ወደ ሆድ በኩል ወርደው ነርቭና ሌላ ነገር ይሆናሉ፣ ዘግይተው የሚወጡት ግን ሜላኖብላስት የሚባሉት ናቸው፣ የሜላኖሳይት ህፃን በይው፣ እነሱ በቆዳው ስር በጀርባና በጎን በኩል ያለችውን መንገድ ይዘው ይሰራጫሉ። በ21 ቀኑ የመታቀፊያ ጊዜ ውስጥ ጉዞው የሚጀመረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ከ5ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ የላይኛው ቆዳ ውስጥ መግባት ይጀምራሉ፣ ከዛ የላባ ቡቃያዎቹ ሲወጡ እየተሻሙ ይገባሉ። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ እየተራቡም ነው፣ በየደረሱበት "ኑር" የሚል ምልክት ከጎረቤት ሴል ካላገኙ ይሞታሉ። ኪት የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለ፣ ኢዲኤንአርቢ2 የሚባልም አለ፣ ሴሉ ቆዳው ላይ አንቴና አርጎ የሚይዛቸው ናቸው፣ ምልክቱን የሚሰሙት በነሱ ነው። ውስጥ ደግሞ ሚትፍ የሚባለው ጂን "አንተ ቀለም ሰሪ ነህ" ብሎ ማንነቱን የሚወስንለት ነው።

ይሄ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም፣ በጣም የሚያምር ሙከራ ተሰርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1940 ዊሊየርና ሮውልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ዝርያ ፅንስ ላይ ቀለም ሰሪ ሴሎችን ወስደው የሌላ ዝርያ ፅንስ ክንፍ ስር አስገቡ። ነጭ ሌግሆርን ፅንስ ውስጥ የገብስማ ሴል ሲገባ የሌግሆርኑ ክንፍ ላይ ገብስማ ላባ በቀለ! ማለትም መስመሩን የሚያወጣው ላባውም ቆዳውም ሳይሆን ራሱ ቀለም ሰሪው ሴል ነው ማለት ነው፣ ሰአቱን ይዞት ነው የሚመጣው። ኋላ ላይ ደግሞ ፈረንሳይዊቷ ኒኮል ለ ዱዋሪን የድርጭት ሴል ዶሮ ፅንስ ውስጥ እየተከለች (የድርጭት ሴል ኒውክሊየስ በማይክሮስኮፕ ስለሚለይ) ከኒውራል ክሬስት የወጣው ሴል የት የት እንደሚደርስ ተከትላ አሳየች። እኔ እነዚህን ስራዎች ለተማሪ ሳስተምር ሁሌም ይደንቀኛል፣ ምንም የጂን ማንበቢያ መሳሪያ ሳይኖር በእጅ ብቻ እንዲህ ያለ መልስ ማግኘት።

እሺ አሁን ወደ ነጮቹ። ሴሉ ሳይደርስ ሲቀር ምን ይመስላል? ዛጎልማ የምንለው አይነት አለ አይደል፣ ጥቁር ሆኖ የላባው ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ውጪ ሞትልድ የሚሉት። እሱ ላይ የተበላሸው ቅድም አንቴና ያልኩሽ ኢዲኤንአርቢ2 ነው። ሴሉ መንገዱን በደንብ ስለማይሰማ በቁጥር አንሶ ይደርሳል፣ ላባው ማደግ ሲጀምር ጫፉ ላይ ሰራተኛ የለም፣ ቆይቶ የተገኙት ደርሰው ሌላውን ያጠቁሩታል። እንዲህ ያሉ ዶሮዎች ደግሞ ላባ በቀየሩ ቁጥር ነጩ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ አርቢዎች በደንብ ያውቁታል። ይሄን ያዢልኝ፣ ጥቁሯ ዶሮሽ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለግሽ ሲልኪ ወይም አያም ሴማኒ የሚባሉትን ተመልከቺ፣ ቆዳቸው፣ ስጋቸውን የሸፈነው ሽፋን፣ አጥንታቸውን የሸፈነው ሽፋን ሁሉ ጥቁር የሆነ። እነሱ ላይ ክሮሞዞም 20 ላይ ኢዲኤን3 የሚባለውን ጂን የያዘ ክፍል ተደግሟል። ኢዲኤን3 ደግሞ ለሜላኖብላስቱ "ተባዛ፣ ሂድ" የሚለው ምልክት ነው። ምልክቱ ሲበዛ ሴሎቹ ከልክ በላይ ተባዝተው ለነርቭ በተተወው በውስጠኛው መንገድ ሳይቀር ገብተው ሰውነቱን ሁሉ ያለብሱታል። ደስ የሚለው ነገር ነጭ ሲልኪ መኖሩ ነው። ቆዳው ጥቁር፣ ላባው በረዶ የመሰለ ነጭ! ሴል ሞልቶ ተርፎ ላባው ነጭ ሆነ ማለት ነው። ይሄ ከላይ ስራ ያቆመ ያልኩሽ ነው፣ ሬሴሲቭ ነጭ ይባላል፣ ታይሮሲኔዝ የሚባለው ቀለም የሚጀምረው ኢንዛይም ጂን ውስጥ የጥንት ቫይረስ ቁራጭ ተሰክቶበት ላባ ላይ ስራውን አሳጥቶታል። አይናቸው ግን ጥቁር ነው። ታይሮሲኔዝ ሙሉ በሙሉ ሲበላሽ ደግሞ እውነተኛ አልቢኖ ይመጣል፣ እሱ አይኑም ሮዝ ነው።

የአይን ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። የአይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ከኒውራል ክሬስት አይደለም የመጣው፣ እዛው አይኑን ከሚሰራው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ ሴሎች መንገድ ላይ ቢያልቁም ነጭ ላባ ጥቁር አይን ይኖራል። ነጭ ዶሮ ሁሉ አልቢኖ ነው የሚለው ወሬ ስህተት ነው፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የእውነት ሞት ያለው ነጭ ሌግሆርን ላይ ነው። እሱ ዶሚናንት ነጭ ይባላል፣ ፒሜል የሚባል ጂን ላይ ነው ችግሩ፣ 9 ፊደል የዲኤንኤ ተጨማሪ ገብቶበት፣ ይሄ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የታወቀው። ፒሜል ምን ይሰራል መሰለሽ፣ ሜላኖሶሙ ውስጥ እንደ ክር ተደርድሮ ጥቁሩ ሜላኒን የሚንጠለጠልበትን መወጠሪያ ይሰራል። ለምን ያስፈልጋል? ሜላኒን ሲሰራ መሀል ላይ የሚፈጠሩት ነገሮች መርዝ ናቸው፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ፣ ሌሎች ሴል የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች አሉ፣ ከረጢቱ ውስጥ ታስረው ካልቆዩ ሴሉን ራሱን ይበሉታል። የሌግሆርን ሴሎች ቅርፃቸው የተበላሸ ነው፣ እጃቸው ያጠረ፣ ላባው ውስጥ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ራሳቸውን ከቃጠሎ የሚከላከሉባቸው ነገሮች፣ አንቲኦክሲዳንት የምንላቸው፣ ዝቅተኛ ሆነው እንደተገኙም የሚያሳዩ ስራዎች አሉ።

ማስረጃው እዚሁ አይናችን ስር ነው፦ ዶሚናንት ነጭ ጥቁሩን ያጠፋል፣ ቀዩን ግን ብዙውን ይተወዋል። ጥቁርና ቀይ የሆነ አውራ ላይ ይሄ ጂን ሲገባ ጥቁር የነበረው ሁሉ ነጭ ይሆንና ቀዩ ጀርባና ትከሻ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ለምን ቢባል ቀዩ ሜላኒን ያን የክር መወጠሪያ እንደ ጥቁሩ አይፈልገውም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄን ሲያስረዱኝ ለካ ላባው ላይ የኬሚስትሪ ልዩነት በግልፅ ተፅፎ ሲታይ ነበር ብዬ ቁጭ አልኩ።

አሁን ወደ ገብስማዎቹ፣ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የገብስማው ጂን ዜድ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። በወፍ ወንዱ ነው ሁለት ዜድ ያለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ ናት፣ ከሰው ተገላቢጦሽ። ይሄ ከፆታ ጋር እንደሚወርድ ስፒልማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው ያሳየው። ስለዚህ አውራሽ ከእህቱ ለምን እንደነጣ መልሱ ቀላል ነው፣ ጂኑን ሁለት ጊዜ ይዞታል፣ ነጩ መስመሩ ይሰፋል፣ እሷ አንድ ብቻ ነው ያላት፣ ጥቁሩ ይበዛል። ታሞ አይደለም፣ ምግብም አላጣም። በዚህ ነገር ሰዎች ጫጩትን በፆታ ይለዩበታል፣ ገብስማ ያልሆነ ጥቁር አውራ ከገብስማ ሴት ጋር ካዳቀልሽ ወንዶቹ ጫጩቶች አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይፈለፈላሉ፣ ሴቶቹ የላቸውም፣ ምክንያቱም ሴቷ ልጅ ዜዷን የምትወስደው ከአባቷ ነው።

ጂኑ ራሱ ሲዲኬኤን2ኤ ይባላል። ይሄ ስም በሰው ህክምና የታወቀ ነው፣ ካንሰር ከሚከላከሉት ጂኖች አንዱ ነው፣ ሰው ላይ ሲበላሽ በቤተሰብ የሚወርድ የቆዳ ካንሰር፣ ሜላኖማ፣ ያመጣል። ስራው ለሴሉ "በቃህ፣ መባዛት አቁም" ማለት ነው። ሰው ላይ ሲጠፋ ቀለም ሰሪው ሴል ያለ ልጓም ይባዛል። ዶሮ ላይ ግን የገብስማው ሚውቴሽን ተቃራኒውን ነው ያደረገው፣ ጂኑ ከልክ በላይ እንዲሰራ አረገው፣ ልጓሙ ጠበቀ።

ከዛ ምን ይሆናል? እያንዳንዱ የላባ ፎሊክል፣ ማለትም ላባው የሚበቅልበት የቆዳ ጉድጓድ ታች ላይ፣ ቀለበት ሰርተው ተኝተው የሚጠብቁ የቀለም ስቴም ሴሎች፣ አዳዲስ ቀለም ሰሪ የሚወጣባቸው እናት ሴሎች በያቸው፣ አሉ፣ ይሄ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው በደንብ የተገለፀው። ላባ ማደግ ሲጀምር ከነሱ የተወሰኑት ይነቁና እየተባዙ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እየወጡ ያድጋሉ፣ አድገው ሜላኒን ያቀብላሉ። ጥቁር ዶሮ ላይ መባዛቱና ማደጉ ሚዛኑን ጠብቆ ይሄዳል፣ ሁሌ ከታች አዲስ ይመጣል። ገብስማ ላይ ግን ልጓሙ ስለጠበቀ ሴሎቹ ሳይባዙ ቶሎ ያድጋሉ፣ ገና ልጅ ሆነው ሙሉ ሰራተኛ ይሆናሉ። የተገኙት በሙሉ አንድ ላይ ስለሚሰሩ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ እነሱ ሲያልቁ ከኋላ የሚተካ የለም፣ ላባው ግን ማደጉን አላቆመም፣ ስለዚህ ነጭ መስመር ይወጣል። በዚህ መሀል ከቀለበቱ ሌላ ቡድን ይነቃል፣ እሱም ያው እጣ ይገጥመዋል። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ጥቁሩ እንዴት ተመልሶ ይመጣል ላልሽው መልሱ ይሄ ነው፣ የተመለሰ ሴል የለም፣ አዲስ ተራ ነው የገባው።

ሴሎቹ ተገድለው ነው ወይስ አድገው አልቀው ነው የሚለው ላይ ነበር ክርክሩ። የድሮ ስራዎች ገብስማም እንደ ሌግሆርን ሴሉ ያለ ጊዜው ይሞታል ይሉ ነበር፣ አሁንም ብዙ ቦታ እንደዛ ተፅፎ ታገኚዋለሽ። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ስራ ካስፔዝ የሚባሉትን፣ ሴል ራሱን ሲያጠፋ የሚነሱትን ኢንዛይሞች ለክቶ በየትኛውም የገብስማ አይነት ላይ የራስ ማጥፋት ምልክት አላገኘም። ስለዚህ ያለን ጠንካራው ማስረጃ የሚለው ያለ ጊዜ ማደግ ነው እንጂ ሞት አይደለም። እኔም በዚህ ነው የማምነው፣ ደግሞ ከመስመሩ ልክነት ጋር ይሄዳል። ዝም ብሎ በቃጠሎ የሚሞት ሴል እንዲህ በልክ የተሰመረ ነገር ይሰራል ማለት ይከብዳል።

እዛው ስራ ላይ የወጣ ሌላ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የገብስማው ጂን አንድ ሳይሆን የተለያየ አይነት አለው። መጀመሪያ የመጣው ጂኑን ከፍ ብሎ እንዲሰራ የሚያደርገው ለውጥ ነው የሚመስለው፣ እሱን ብቻ የያዘ ዶሮ በጣም የነጣ፣ መስመሩ የደበዘዘ ነው። ከዛ ሌላ ለውጥ ፕሮቲኑ ላይ ተጨመረ፣ ከዚሁ ጂን የሚሰራው አርፍ የሚባለው ፕሮቲን ኤምዲኤም2 ከሚባለው ሌላ ፕሮቲን ጋር የሚያያዝበትን ትንሽ አደከመው፣ ልጓሙ በትንሹ ላላ። ያን ጊዜ ነው ጥርት ያለው ጥቁርና ነጭ የወጣው። ሰው ያማረውን እየመረጠ ስላረባ ሁለት ስህተት ተደራርቦ ይሄን ውበት ሰጠን ማለት ነው። በነገራችን ላይ ላባው ቀስ ብሎ የሚያድግለት ዶሮ መስመሩ ጠበብና ጥርት ያለ ይሆናል፣ በፍጥነት የሚያድግለት ደግሞ የተለጠጠና የተደበላለቀ፣ ሴሉና ላባው የየራሳቸው ፍጥነት ስላላቸው።

መስመር ያለው ሁሉ ግን ገብስማ አይደለም። ሌላ አይነት መስመር አለ፣ እንደ ካምፒን ያሉ ዝርያዎች ላይ የምታይው፣ እሱ ከዜድ ጋር አይያያዝም፣ ሴሉም አላለቀም፣ ሴሉ እያለ ከጥቁር ወደ ቀይ ከቀይ ወደ ጥቁር ስራውን እየቀያየረ ነው። ግራጫውም፣ ሰማያዊ የሚሉት፣ ላቬንደር የሚሉትም እንደዛው ሴሉ በህይወት ያለበት ነው፣ ላቬንደር ላይ ለምሳሌ ሜላኖሶሞቹ ወደ እጁ ጫፍ በደንብ አይደርሱም፣ ስለዚህ ቀለሙ ተቆራርጦ ይገባል። ይሄን እዚህ ላይ ልለፈው፣ ካንቺ ጥያቄ ስለሚርቅ።

አሁን ጥቁሯ ዶሮሽ። እዚህ ላይ ሳላያት እርግጠኛ ሆኜ ይሄ ነው ልልሽ አልችልም፣ ግን እንዴት እንደምትለዪው ላሳይሽ።

በመጀመሪያ ነጮቹ ላባዎች የተበታተኑ ናቸው ወይስ አንድ ላይ የበቀሉት ሁሉ ናቸው? አንድ ሰሞን የበቀሉ ላባዎች ሁሉ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ነጭ ቀበቶ ካላቸው ያ የምግብ ወይ የህመም ምልክት ነው፣ በዛ ሳምንት አንድ ነገር ጎድሏል። ታይሮሲኔዝ ያለ መዳብ አይሰራም፣ ባለቀለም ጫጩቶች ላይ ብረት ወይም ፎሊክ አሲድ በጣም ሲጎድል ላባቸው ይነጣል፣ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ላይ ደግሞ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሲያንስ ክንፉ ላይ ነጭ ቀበቶ ይወጣል። የተመጣጠነ መኖ የምትበላ ትልቅ ዶሮ ላይ ግን ይሄ ብዙም አያጋጥምም፣ ስለዚህ ነጭ ላባ ስላየሽ ብቻ ቫይታሚን እየገዛሽ አታፍሺባት። ከተበታተኑ፣ አንዱ ሙሉ ነጭ ጎረቤቱ ሙሉ ጥቁር ከሆነ፣ ያ ምግብ አይደለም፣ ምግብማ ለሁሉም ፎሊክል እኩል ነው የሚደርሰው። የየፎሊክሉ የራሱ ቀለበት ነው የባዶው። የተነከሰችበት፣ የቆሰለችበት፣ አውራ እየወጣ ላባዋን የነቀለባት ቦታ ብቻ ላይ ከሆነ ቁስሉ ስቴም ሴሎቹን ጎድቷቸው ነው፣ እዛ ቦታ ነጭ እየበቀለ ይኖራል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። የላባው ጫፍ ብቻ ነጭ ሆኖ በመላ ሰውነቷ ላይ ከተረጨ ደግሞ ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽን ዛጎልማ አስቢ፣ የሚቀጥለው ላባ ስትቀይር ይጨምራል።

በጣም ትኩረት የምሰጠው ግን ለተገላቢጦሹ ነው፣ ጫፉ ጥቁር ስሩ ነጭ ለሆነ ላባ። ያ ማለት ላባው ሲጀመር ሰራተኛ ነበረው፣ መሀል ላይ ሞቱበት ማለት ነው። ይሄ የሚታወቀው ስሚዝ ላይን በሚባሉ ዶሮዎች ነው። ስሚዝ የተባሉ ፕሮፌሰር አሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያረቧቸው ናቸው፣ ቀለም ይዘው ይፈለፈላሉ፣ ከዛ ከ6 እስከ 14 ሳምንት እድሜ ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይነጣሉ። ምክንያቱ የራሳቸው በሽታ ተከላካይ ሴሎች፣ ቲ ሴል የሚባሉት፣ የላባው ስር ገብተው ሜላኖሳይቶቹን ይገድሏቸዋል። ሰው ላይ ለምፅ፣ ቪቲሊጎ የምንለው አይነት ነው፣ ለዛም ነው የሰውን በሽታ ለማጥናት የሚጠቀሙባቸው። አንዳንዶቹ ላይ አይንም ይነካል፣ የሚታወሩ አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀለማቸው መልሶ ይመጣል፣ ማለትም ሁሉም ስቴም ሴል አልሞተም።

ስለዚህ ዶሮሽ አይኗን ተመልከቺ፣ የአይኗ ቀለም ተቀይሮ፣ የብሌኗ ቅርፅ ተዛብቶ፣ ወይም እህል ስትለቅም እየሳተች ከሆነ ወደ እንስሳት ሀኪም ውሰጃት። ማሬክ የሚባለው የዶሮ የቫይረስ በሽታም አይን ላይ እንዲህ ሊያሳይ ስለሚችል ሌሎቹም ዶሮዎችሽ ይመለከታቸዋል። ስለ ማሬክ ካነሳሁ፣ የስሚዝ ዶሮዎች ላይ ንጣቱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ለማሬክ የሚሰጠው የተርኪ ሄርፐስ ቫይረስ ክትባት እንደሆነ ተፅፏል፣ ይሄን አንብበሽ ክትባት ልትተዪ እንዳትይ፣ በጣም አደራ። የሚሆነው ዝንባሌው በዘር ያላቸው ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ዶሮ ክትባቱን ወስዶ አይነጣም፣ ማሬክ ግን ይገድላል።

አይኗ ደህና ከሆነ፣ ትበላለች ትጥላለች ካልሽኝ፣ አትጨነቂ። አንድ ነገር መሞከር ትችያለሽ፦ አንድ አድጎ ያለቀ ነጭ ትንሽ ላባ ከደረቷ ንቀይ፣ አንድ ብቻ፣ ስሩ ደም የያዘ እያደገ ያለ ላባ እንዳትነኪ ያማታል ይደማል። የተነቀለ ላባ ማራገፊያ ጊዜውን ሳይጠብቅ ወዲያው መብቀል ይጀምራል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ታይዋለሽ። ጥቁር ሆኖ ከመጣ ቀለበቱ አለ፣ በዛ ጊዜ የሆነ ነገር ረብሾት ነበር ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ከመጣ እዛ ፎሊክል ውስጥ የሚተካ አልቋል ወይም ሲነሳ የሚያጠፋው ነገር አሁንም አለ። የነቀልሽውንም እንዳትጥዪው፣ ፎቶ ስታነሺው ደግሞ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ እስከነበረው ድረስ ያለውን ሙሉውን አንሺና ላኪልኝ፣ ከጎኑ ከገብስማዎቹ አንድ አንድ ወድቆ የተገኘ ላባ አስቀምጪበት፣ እሱን አይቼ የትኛው እንደሆነ እነግርሻለሁ።